ሣጥን 13 ላይ የጎደለ ሜዳሊያ፦ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው መዝገቡን የሚያሳርምበት መንገድ

ከጦሩ ሲሰናበቱ የተሰጠዎትን ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ከመሳቢያ ያውጡና ሣጥን 13ን ያንብቡ። የሽልማት፣ የሜዳሊያ፣ የባጅና የዘመቻ ሪባን ዝርዝር የሚሰፍረው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሣጥን በደንብ አንብቧት አያውቅም። በስንብቱ ዕለት ልቡ ቤቱ ገብቷል። ፈርም ሲሉት ፈርሞ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ሴት ልጁ ወረቀቱን አንስታ «አባዬ፣ አፍጋኒስታን ነበርክ አይደል? እዚህ ለምን የለም?» ስትለው ነው የሚነቃው።

እኔ ይህን ነገር የተማርኩት የአጎቴን ልጅ ስረዳ ነው። ሁለት ጊዜ ግዳጅ ሄዷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የአንዱም ሜዳሊያ አልነበረም። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን «የሚገቡኝን ሜዳሊያዎች በሙሉ ላኩልኝ» የሚል ነበር። ከወራት በኋላ ሳጥን መጣ። ስንከፍተው መዝገቡ ላይ ቀድሞ የተጻፉት ብቻ ናቸው። የጎደሉት አሁንም ጎድለዋል። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ የጠየቅነው የማይሆን ቦታ፣ በማይሆን ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጉዳዩ ኑሮ ውስጥም ይገባል። በክብር የተሰናበተ ሰው የዘመቻ ወይም የኤክስፔዲሽን (ከአገር ውጭ የጦር ተልእኮ) ሜዳሊያ ካለው፣ የፌዴራል ሥራ ሲያመለክት የ5 ነጥብ ቅድሚያ ሊያገኝበት ይችላል። በጠላት ድርጊት ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት ያለው ደግሞ የ10 ነጥብ ቅድሚያ አለው፤ በቬተራንስ አፌርስ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሕክምናም ቢያንስ ቅድሚያ ቡድን 3 ውስጥ ይመደባል። የውጊያ ባጅ ያለው ሰው በጦርነት ምክንያት ለደረሰበት የአእምሮ ጭንቀት ካሳ ሲጠይቅ፣ ውጊያ ውስጥ እንደነበር ለማስረዳት ብዙ አይለፋም። ቀጣሪውም ሆነ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚያየው ዲዲ 214ን ነው። እዚያ ያልተጻፈ ነገር ለነሱ የለም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። ይህ መመሪያ በአሜሪካ ጦር ላገለገሉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ሙሉ ፋይልዎን ያስመጡ

ዲዲ 214 ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልግዎት የአገልግሎት ዘመንዎ ሙሉ የሠራተኛ ፋይል ነው። የግዳጅ ትእዛዞች፣ የሽልማት ትእዛዞች፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማዎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንዴ የሽልማቱ ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዲዲ 214ን የጻፈው ሰው ሳያየው ቀርቶ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ሥራዎ በግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

ፋይሉ የሚጠየቀው በኤስኤፍ 180 ቅጽ ነው። የሚላከው ሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ነው። ኢንተርኔት የሚቀልዎት ከሆነ ማዕከሉ ኢቬትሬክስ የሚባል የማመልከቻ ገጽ አለው። በቅርብ ዓመታት የተሰናበቱ ሰዎች መዝገባቸው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ሚልኮኔክት በሚባለው የመከላከያ ሚኒስቴር ገጽ ራሳቸው ገብተው ሊያወርዱት ይችላሉ። ለባለ መዝገቡ ይህ ሁሉ በነጻ ነው። «ዲዲ 214ዎን በአስቸኳይ እናወጣለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶችን ይለፏቸው።

ቅጹ ላይ «ዲዲ 214 ብቻ» የሚለውን መርጠው እንዳያበቁ። ሙሉውን የሠራተኛ ፋይል እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ። ዲዲ 214ን ሲያስመጡም ያልተቆረጠውን ቅጂ ይጠይቁ። አጭሩ ቅጂ የስንብቱን ዓይነትና ምክንያት ስለማያሳይ ኋላ ላይ ያስቸግራል።

የቆየ አገልግሎት ያላቸው አባቶች አንድ ነገር ይወቁ። ሐምሌ 12 ቀን 1973 በዚያ ማዕከል ትልቅ እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ጠፍተዋል። ከ1912 እስከ 1960 መጀመሪያ ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ተቃጥሏል። ከ1947 እስከ 1964 መጀመሪያ ከተሰናበቱት የአየር ኃይል ባልደረቦች ደግሞ በስም ፊደል ተራ ከተወሰነ ቦታ በኋላ ያሉት 75 በመቶው ወድሟል። ቅጂም ማይክሮፊልምም አልነበረም። ስለዚህ «መዝገብዎ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ከመጣ አላገለገሉም ማለት አይደለም። ማዕከሉ ከደመወዝ ሰነድና ከሌሎች ቦታዎች ቁርጥራጩን ሰብስቦ አገልግሎትዎን የሚያረጋግጥበት አሠራር አለው። የሚልክልዎትን የመጠይቅ ቅጽ ሞልተው ይመልሱ። የክፍልዎን ስም፣ የነበሩበትን ቦታና ወራቱን በተቻለ መጠን አጥብበው ይጻፉ።

ሁለተኛ፦ ምን እንደጎደለ በስሙ ይለዩ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። «ሜዳሊያ ጎድሎኛል» የሚል ጥያቄ የትም አያደርስም። የትኛው ሜዳሊያ? ለየትኛው ጊዜ? በየትኛው መመዘኛ? ይህን ራስዎ ማወቅ አለብዎት። ለምድር ጦር መመዘኛዎቹ የተጻፉት ኤአር 600-8-22 በሚባለው የሽልማት ደንብ ውስጥ ነው። ሌሎቹም ኃይሎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ደንቦቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የእርስዎን ሜዳሊያ የሚመለከተውን ገጽ አትመው ይያዙ።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ሁለት ቀኖችን ነው። አንዱ ሰውየው የተሰናበተበት ቀን፣ ሌላው ሜዳሊያው የተፈጠረበት ቀን። ብዙው ጉድለት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሜዳሊያው ሰውየው ከወጣ በኋላ ይፈጠርና ወደ ኋላ ተመልሶ የእሱን አገልግሎት ይሸፍናል። ዲዲ 214 ግን ቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ማንም ቤቱ ድረስ ሄዶ «አንተም ይገባሃል» አይለውም።

ኮሪያን እንውሰድ። የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ በሕግ የተፈቀደው በ2002 መጨረሻ ላይ ነው። የሚሸፍነው ግን ከሐምሌ 28 ቀን 1954 ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ የተሰጠን አገልግሎት ነው። 30 ተከታታይ ቀን ወይም ተደማምሮ 60 ቀን ይበቃል። በ1980ዎቹ ወይም በ1990ዎቹ ኮሪያ አንድ ዓመት አገልግሎ የወጣ ሰው ዲዲ 214 ላይ ይህ ሜዳሊያ ሊኖር አይችልም። ያኔ አልተፈጠረማ!

የአፍጋኒስታንና የኢራቅ የዘመቻ ሜዳሊያዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም የመጡት በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ዘምቶ የወጣ ሰው የተሰጠው በሽብር ላይ ለሚደረገው ዘመቻ የኤክስፔዲሽን ሜዳሊያ ነው። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ለነበረው አገልግሎት ይህንን በዘመቻ ሜዳሊያው እንዲለወጥለት ማመልከት ይችላል። ለአንድ አገልግሎት ሁለቱንም መውሰድ ግን አይፈቀድም። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው «ሁለቱም ይጨመርልኝ» ተብሎ ስለሚጻፍ ነው። በኢራቅና በሶርያ ለነበረው ለኋለኛው ዘመቻ የተሰጠው የኢንሄረንት ሪዞልቭ ሜዳሊያም የተፈጠረው በ2016 ሲሆን፣ የሚቆጥረው ከሰኔ 15 ቀን 2014 ጀምሮ ነው። የምድር ጦር የውጊያ ባጅ በ2005 መጥቶ ከመስከረም 18 ቀን 2001 በኋላ ያለውን ይሸፍናል።

ቦታውንም ያጣሩ። ኩዌት ዓመት ቆይቶ የኢራቅ ሜዳሊያ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኛል። ልፋቱን አልክድም፤ ሙቀቱም አቧራውም ያው ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚለው ኢራቅ ምድር ላይ፣ በውኃ ክልሏ ወይም በሰማይዋ ነው። ኩዌት የሚያስገኘው የኤክስፔዲሽን ሜዳሊያውን ነው። የሚገባዎትን ይጠይቁ። የማይገባ ነገር አንድ ላይ ሲገባ የሚገባውንም ያጠራጥራል።

ከነዚህ በቀር ቶሎ የሚታለፉ ነገሮች አሉ። የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ ከመስከረም 12 ቀን 2001 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 ባለው ጊዜ በሙሉ ጊዜ ግዳጅ በክብር ላገለገለ ሰው ይሰጣል፤ ከዚያ በፊትም ሦስት የተለያዩ ዘመናት አሉት። የምድር ጦር የመልካም ሥነ ምግባር ሜዳሊያ ለሦስት ተከታታይ ዓመት አገልግሎት ነው፤ ለመኮንኖች አይሰጥም። አዛዡ ትእዛዝ ማስወጣት ስላለበት ብዙ ጊዜ በዝርክርክነት ይቀራል። ቬትናም ለነበሩ ደግሞ የደቡብ ቬትናም መንግሥት ለክፍሎች የሰጠው የጀግንነት መስቀል አለ። በ1974 የወጣው የጦሩ ጠቅላላ ትእዛዝ ቁጥር 8 እዚያ ለነበሩ የምድር ጦር ክፍሎች በሙሉ ሰጥቶታል። የአብዛኞቹ ዲዲ 214 ግን የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው።

ሦስተኛ፦ የስማችን ጣጣ

ይህን ከሌሎች መመሪያዎች ላይ አያገኙትም። ለእኛ ሰው ግን ዋናው መሰናክል ሊሆን ይችላል።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም፣ የአባታችን፣ የአያታችን ነው። የጦሩ ቅጽ ግን «የመጨረሻ ስም» ይላል። አንዱ ጸሐፊ አያትን ይጽፋል፣ ሌላው አባትን። የፊደል አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አንዱ ትርፍ ፊደል ይጨምርበታል፣ ሌላው ሁለቱን ስም ያጣብቀዋል። «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ» ያለበት ስም ከሆነማ ለየብቻም እንደ አንድም ይጻፋል። የአጎቴ ልጅ የሽልማት ትእዛዝ የወጣው በአባቱ ስም ነበር፤ ፋይሉ ደግሞ በአያቱ ስም ነው። ትእዛዙ ለዓመታት ወደ ፋይሉ ሳይገባ ቀርቷል። ያገኘነው አብሮት የዘመተ ጓደኛው የቡድን ትእዛዙን ቅጂ አስቀምጦ ስለነበር ነው። እግዜር ይስጠው!

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ሲመዘገብ በትክክል ያልተለወጠ፣ ወይም ቀኑ ስላልታወቀ ጥር 1 ተብሎ የተሞላ ብዙ ነው። ፋይል ሲያስፈልጉ ትክክለኛውን የልደት ቀን ሳይሆን ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ይጻፉ። ስሙንም እንዲሁ፤ በአገልግሎት ጊዜ የተጠቀሙበትን። ዜግነት ሲወስዱ ስም የለወጡ ከሆነ አዲሱንም ለይተው ይጥቀሱ።

መፍትሔው አንድ ገጽ የስም ማብራሪያ ነው። ከላይ በዲዲ 214 ላይ ያለው ስም ይጻፍ። ከሥሩ በሌሎች ሰነዶች ላይ የወጡት አጻጻፎች፣ እያንዳንዱ በየትኛው ሰነድና በየትኛው ቀን እንደሆነ ይዘርዘር። በመቀጠል በሁለት ዓረፍተ ነገር የኢትዮጵያ ስም አሰያየም እንዴት እንደሆነ ይብራራ። ከሁሉ በላይ ግን ቁጥሩን ያሳዩ። ትእዛዙ ላይ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የመከላከያ መለያ ቁጥር ከእርስዎ ጋር አንድ ከሆነ ስሙ ቢንጋደድም ሰውየው እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፦ ትክክለኛውን በር ያንኳኩ

ሦስት በሮች አሉ፤ የሚምታቱትም እነሱ ናቸው።

ሜዳሊያው ሣጥን 13 ላይ ተጽፎ፣ ዕቃው ብቻ ከሌለዎት ወይም ከጠፋብዎት፣ የሚፈልጉት ምትክ ነው። በዚያው በኤስኤፍ 180 ወደ ሴንት ሉዊስ ይጠይቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ ክፍያ የለውም።

ሜዳሊያው ሣጥን 13 ላይ የለም፤ ግን ትእዛዙ በእጅዎ አለ፣ ወይም ፋይሉ መመዘኛውን ማሟላትዎን በግልጽ ያሳያል እንበል። ይህ አስተዳደራዊ እርማት ነው። ቦርድ አያስፈልገውም። የኃይሉ የሠራተኞች ክፍል ራሱ አይቶ ዲዲ 215 የሚባል የእርማት ቅጽ ያወጣል። የምድር ጦር ይህን የሚሠራው ኬንታኪ ፎርት ኖክስ ባለው የሰው ኃይል ዕዝ የሽልማት ክፍል ነው። የባሕር ኃይል ቴነሲ ሚሊንግተን፣ የማሪን ኮር ቨርጂኒያ ኳንቲኮ፣ የአየር ኃይል ደግሞ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ራንዶልፍ ነው። እንደ ዘመኑ ጥያቄው መጀመሪያ በሴንት ሉዊስ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ የኤስኤፍ 180 ቅጽ የመጨረሻው ገጽ ላይ የማን መዝገብ የት እንደሚላክ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ።

ሦስተኛው በር የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ነው። የሠራተኞች ክፍሉ «አይቻልም» ካለ፣ ወይም ነገሩ ክርክር ካለበት ወደዚያ ይሄዳሉ። ቅጹ ዲዲ 149 ይባላል። ምድር ጦር የራሱ ቦርድ አለው። ባሕር ኃይልና ማሪን አንድ ቦርድ ይጋራሉ። የአየር ኃይሉ ቦርድ ስፔስ ፎርስንም ያያል። ኮስት ጋርድ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር የራሱ አለው። ሁለተኛውን በር ሳያንኳኩ ሦስተኛው ጋ ከደረሱ ቦርዱ ፋይሉን ሳያየው ሊመልስልዎት ይችላል። ስለዚህ የሠራተኞች ክፍሉ የሰጠዎትን የእምቢታ ደብዳቤ አይጣሉት። እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። በጊዜው ማንም ያልጠየቀልዎት የጀግንነት ሽልማት ከሆነ፣ ማለትም አዛዥዎ ሊጽፍልዎ ሲገባ ያልጻፈው ከሆነ፣ በፌዴራል ሕግ ርዕስ 10 አንቀጽ 1130 በኮንግረስ ተወካይዎ በኩል እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ድርጊቱን የሚያውቅ የዚያን ጊዜ አለቃ የድጋፍ ሐሳብ መጻፍ አለበት፤ የዓይን ምስክሮችም ያስፈልጋሉ።

አምስተኛ፦ ማስረጃ መሰብሰብ

ቦርዱ የሚነሣው መዝገቡ ትክክል ነው ከሚል ግምት ነው። ስህተት መኖሩን ማሳየት የአመልካቹ ሸክም ነው። ከባድ ቢመስልም ፍጹም ማረጋገጫ አይጠይቁም፤ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ካዘነበለ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሽልማቱ ትእዛዝ ነው። እሱ ከሌለ ለዘመቻ ሜዳሊያ ማሳየት ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፦ የት እንደነበሩና ስንት ቀን እንደቆዩ። የግዳጅ ትእዛዝ ጥሩ ነው፤ ግን «እንዲሄድ ታዟል» እንጂ «ሄዷል» አይልም። ከእሱ ጋር የጉዞ ወጪ ማወራረጃ ያያይዙ። የደመወዝ መግለጫም ያግዛል። ለአደገኛ ቦታ የሚከፈለው በወር እስከ 225 ዶላር የሚደርስ አበልና የግብር ነጻነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ነገር ግን ኩዌትም አበሉ ነበረው። ስለዚህ የደመወዝ መግለጫው ብቻውን አገሩን ላያሳይ ይችላል። አገሩን የሚጠራ ሌላ ሰነድ ያክሉበት። የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ብዙ ጊዜ «በዚህ ዘመቻ፣ በዚህ አገር» ብሎ ይጽፋል። ከግዳጅ ሲመለሱ የሞሉት የጤና መጠይቅ ደግሞ የሄዱበትን አገርና ቀኑን ይይዛል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እሱ ያለው ከሕክምና መዝገብዎ ጋር ነው።

ፐርፕል ኸርት ከሆነ ጥያቄው ይጠብቃል። ጉዳቱ በጠላት ድርጊት የመጣ መሆኑ፣ በሕክምና ባለሙያ መታከሙ፣ ሕክምናውም መመዝገቡ መታየት አለበት። የሕክምና ካርድ፣ የጉዳት ሪፖርትና የምስክሮች ቃል አንድ ላይ ሆነው አንድ ታሪክ መናገር አለባቸው። ቀኖቹ ከተለያዩ አስቀድመው ለምን እንደሆነ ያስረዱ።

የምስክር ቃል ሲያጽፉ ጓደኛዎን «ጥሩ ወታደር ነበር ብለህ ጻፍልኝ» አይበሉት። ያ አይጠቅምም። ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሻምበል በምን ማዕረግ እንደነበረ፣ በዚያ ቀን የት ቆሞ በዓይኑ ምን እንዳየ ይጻፍ። የሰማውን ካየው ይለይ። ይፈርም፤ ቀን ያስገባ። የራሱን ዲዲ 214 ቅጂ ካያያዘ ደግሞ እሱም እዚያ እንደነበረ ይረጋገጣል።

ዋናውን ሰነድ በጭራሽ አይላኩ። ቅጂ ብቻ። ዲዲ 214ዎን ደግሞ በራስዎ እጅ ነክተው አያስተካክሉት፤ ወንጀል ነው።

ስድስተኛ፦ ዲዲ 149ን መሙላት

ቅጹ አጭር ነው። የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ካልቀለለዎት ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈው ያስተርጉሙ። እንዲያውም እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ በራስ ቋንቋ ሲጻፍ ነገሩ ይጠራል።

«ምን እንዲታረም ይጠይቃሉ?» በሚለው ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «በዲዲ 214 ሣጥን 13 ላይ የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።» ሁለት ሜዳሊያ ከሆነ ሀ እና ለ ብለው ይለዩት።

«ለምን ስህተት ነው ይላሉ?» በሚለው ደግሞ ይህን ቅደም ተከተል ይያዙ፦ ደንቡ ምን ይላል፣ እኔ ምን አሟላሁ፣ የቱ ሰነድ ያሳያል። «ሜዳሊያው የተፈቀደው በ2002 ነው። እኔ የተሰናበትኩት በ1991 ነው። ደንቡ ኮሪያ ውስጥ 30 ተከታታይ ቀን ይጠይቃል። እኔ ከመጋቢት 1989 እስከ መጋቢት 1990 ኮሪያ ነበርኩ። አባሪ 2 የምደባ ትእዛዜ ነው፤ አባሪ 3 የሥራ ግምገማዬ ነው።» በቃ። ብሶትዎን አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ግን እዚህ ቦታ ላይ ቀንና ሰነድ ከብሶት ይልቅ ይናገርልዎታል።

ስህተቱን ያወቁበት ቀንም ይጠየቃል። ሕጉ ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይሰጣል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ «ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ ይተወዋል። አይተዉት። ቦርዱ ለፍትሕ ይጠቅማል ብሎ ካመነ ጊዜውን ማለፍ ይችላል፤ መብቱ በሰነድ ግልጽ ሲሆን ይህን ያደርጋል። ምክንያትዎን በእውነት ይጻፉ። ሜዳሊያው መፈጠሩን የሰሙት አምና ከሆነ አምና ይበሉ። ሳጥኑን አንብበው የማያውቁ ከሆነም እንደዚያው ይጻፉ። ያልሆነ ቀን አይፍጠሩ፤ ቅጹ ላይ የሚፈርሙት በሕግ በሚያስጠይቅ ቃል ነው።

አባሪዎቹን ቁጥር ይስጧቸውና ከፊት የአባሪ ዝርዝር ያስገቡ። የስም ማብራሪያዋን ገጽ አባሪ 1 ያድርጓት። ፋይሉን የሚያየው ሰው መጀመሪያ እሷን ካነበበ የቀረው ስም አያደናግረውም። ይፈርሙ። ያልተፈረመ ቅጽ ተመላሽ ነው። የጥቅሉን ሙሉ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ በፖስታ ከላኩ በአደራ ደብዳቤ ይላኩት።

ብቻዎን አይልፉ። አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው፣ ዲኤቪ የመሳሰሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ ይረዳሉ። ብዙ ካውንቲዎችም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሠራተኛ አላቸው። ጠበቃ ለተራ የዘመቻ ሜዳሊያ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ሰባተኛ፦ ከላኩ በኋላ

የመዝገብ ቁጥር ይሰጥዎታል። ስልክ ቁጥርዎ ወይም አድራሻዎ ከተለወጠ ቶሎ ያሳውቁ፤ ደብዳቤው ወደ አሮጌ ቤት ሄዶ ጉዳዩ የተዘጋበት ሰው አውቃለሁ። ቦርዶቹ አብዛኛውን ጉዳይ በ10 ወር፣ ሁሉንም ደግሞ በ18 ወር እንዲጨርሱ ሕጉ ይጠይቃል። ያን ያህል ለመጠበቅ ይዘጋጁ። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ደብዳቤ ጽፈው መልስ ካጡ፣ የኮንግረስ ተወካይዎን ቢሮ ያነጋግሩ። የፈቃድ ቅጽ አስፈርመው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይጠይቁልዎታል። ውሳኔውን አይወስኑም፤ የተኛ ፋይል ግን ይቀሰቅሳሉ።

ቦርዱ የባለሙያ አስተያየት ካስጻፈ ቅጂው ለእርስዎ ይላካል። ይህን ደብዳቤ ዝም ብለው አያስቀምጡ። የመልስ ጊዜ ተገድቧል። አስተያየቱ «ኢራቅ መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ የለም» ካለ ያንኑ ነጥብ ብቻ ይመልሱ፤ ያችን አንዲት ሰነድ ፈልገው ይላኩ። በእኛ ጉዳይ የዞረው እዚህ ላይ ነው። አስተያየቱ ስሙ አይገጥምም አለ። እኛ ደግሞ ትእዛዙ ላይ ያለውን ቁጥር አስምረን፣ ከዲዲ 214 ጋር ጎን ለጎን አድርገን ላክን።

መልሱ እምቢታ ከሆነ ምክንያቱን በደንብ ያንብቡ። ምን እንደጎደለ ይነግርዎታል። ቦርዱ ያላየው አዲስ ማስረጃ ካገኙ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ያንኑ ወረቀት በሌላ ቃል መልሶ መላክ ግን ለውጥ የለውም።

ባለቤቱ ከሞተ

የሞተ ሰው መዝገብም ይታረማል። ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወይም ሕጋዊ ወኪል ዲዲ 149 ማስገባት ይችላሉ። የሞት የምስክር ወረቀትና ዝምድናውን የሚያሳይ ሰነድ ያያይዛሉ። የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀቱ ከኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። ባለቤቱ በሕይወት እያለ በሕመም ምክንያት መፈረም ካልቻለ ውክልናውን ያቅርቡ። ምትክ ሜዳሊያ በሚጠየቅበት ጊዜ ምድር ጦር ተራ አለው፦ መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ልጅ፣ አባት ወይም እናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ በመጨረሻ የልጅ ልጆች ታላቅ። ስለዚህ ከወንድምና ከእህት ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሁለት ሰው በየፊናው ቢልክ ነገሩ ይዘገያል። ከተሰናበተ 62 ዓመት ያለፈው ሰው መዝገብ ደግሞ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ቅጂውን ለማውጣት ግን ክፍያ አለው።

ዲዲ 215 ሲመጣ

ዲዲ 215 የድሮውን ዲዲ 214 አይተካም፤ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ቅጂ ሲሰጡም ሁለቱንም ይስጡ። የሜዳሊያው ስም በትክክል መጻፉን ያንብቡ፤ አሁንም ስህተት ሊኖር ይችላል። የፌዴራል ሥራ አመልክተው ከሆነ ለቀጣሪው፣ የቬተራንስ አፌርስ ጉዳይ ካለዎትም ለዚያ ቅጂ ይላኩ። በካውንቲ ጽሕፈት ቤት ሊያስመዘግቡት ካሰቡ መጀመሪያ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ይሆን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ላዩ ላይ የግል ቁጥሮችዎ አሉ። ዕቃው፣ ማለትም ሜዳሊያው ራሱ፣ አብሮ ካልመጣ ደግሞ አዲሱን ወረቀት አያይዘው በኤስኤፍ 180 ይጠይቁ። አሁን የመጀመሪያው በር ይከፈትልዎታል።